ቀዩ አይገድልም

ስልኩ የወጣው ከእራት በኋላ ነው። ቦታው ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብሎ ያለ የሰሊጥ እርሻ፣ ጊዜው መስከረም ሊያልቅ ሲል። አጨዳው ተጋምሶ፣ የታጨደው በነዶ በነዶ ታስሮ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ሠራተኛው የማሽላ እንጀራውን በልቶ ከዳሱ ፊት ተጋድሟል። ጎንደር ባዮሎጂ የሚማረው የካቦው የወንድም ልጅ ትምህርት እስኪከፈት ሊያግዝ መጥቷል። ከተማ በወጣበት ቀን ኔትወርክ አግኝቶ ያወረደውን ቪዲዮ ይዞ ወደ አጎቱ ተጠጋ።

«አያ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ።»

ካቦው ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ያዙት። አንድ ፈረንጅ ግድግዳ ሙሉ የፕላስቲክ መሳቢያ ፊት ቆሟል። አንዱን ይስባል፣ እባብ ያወጣል፣ ክንዱ ላይ ያስኬደዋል፣ ይመልሳል፤ ሌላውን ይስባል። የመጀመሪያው ቡናማ ነው፤ ጀርባው ላይ ኮርቻ የመሰለ ጥለት ተደርድሮበት ወደ ጅራቱ እየቀላ ይሄዳል። ሁለተኛው ብርቱካንማ ነው፣ ዓይኑ ቀይ። ሦስተኛው የከሰልና የአመድ መልክ አለው። አራተኛው ነጭ፣ እንደ ወተት።

«ስንት ዓይነት እባብ ነው የሚያረባው ሰውየው?»

«አንድ ዓይነት ነው አያ። ሁሉም ቦአ የሚባለው ነው። እንዲያውም እነዚህ አራቱ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ በአንድ ቀን የተወለዱ።»

«ተው እንጂ!»

ይህን የሰሙት ሠራተኞች አንድ በአንድ ተነሥተው ስልኩን ከበቡት። ፍርሃቱ ቶሎ አለፈና ጨዋታው ስም ማውጣት ሆነ። አንዱ «ያች ገብስማ ናት» አለ፤ ሌላው «ወሰራ እንጂ የምን ገብስማ» ብሎ ተከራከረው። ብርቱካንማውን ዳማ አሉት፣ ነጩን አምባላይ፣ ጥለቱ የተዘበራረቀውን ቡሬ። ፈረንጁ በእንግሊዝኛ የሚጠራው ስም አንዱም አልተሰማም፤ ማንም አልፈለገውምም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። የዶሮን ላባ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማ እያለ የሚለይ፣ ለዘመን መለወጫ የሚታረደውን በመልኩ መርጦ የሚገዛ፣ በሬውን በግንባሩ ነቁጥ ቦራ ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ለእባብ ግን ያስቀመጠው ስም ጥቂት ነው። እባብ፣ እፉኝት፣ ዘንዶ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀለም ብቻ ነው፤ ጥቁሩ፣ ቀዩ፣ አመዳሙ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዶሮ ሲታይ ይመረጣል፣ እባብ ሲታይ ዱላ ይነሣል። ዱላ ያነሣ ሰው ስም ለማውጣት ጊዜ የለውም።

ቦአ የእኛ አገር እንስሳ አይደለም። አገሩ ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና ነው። መርዝ የለውም፤ የያዘውን ተጠምጥሞ ጨምቆ ነው የሚገድለው። የቆላችን ዘንዶ እንቁላል ጥሎ፣ እንቁላሉን ከብቦ ሲጠብቅ፣ ቦአ ግን ይወልዳል፤ ያውም 20 እና 30፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ባንድ ጊዜ። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ እንደ ድመት ቤት ውስጥ የሚያሳድጉት ብዙ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች በአሥርታት ዓመታት ውስጥ እየመረጡ በማዳቀል ጫካ ውስጥ በሺህ አንድ የማይገኘውን መልክ በየመሳቢያው አበዙት። እያንዳንዱን ለየት ያለ መልክም «ሞርፍ» ይሉታል።

ልጁ ለአጎቱ ያስረዳው እንዲህ ነበር። የእባብ ቆዳ ቀለም የሚወጣው ከሦስት ዓይነት ሴሎች ነው። አንዱ ጥቁርና ቡናማውን ይይዛል። ሁለተኛው ቢጫና ቀዩን። ሦስተኛው ራሱ ቀለም የለውም፤ በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ክሪስታሎች ብርሃን ይመልሳል። ጥቁሩ ከጠፋ የሚቀረው ቢጫና ብርቱካን ነው፤ ይህ አልቢኖ ነው፣ ያ ዓይኑ የቀላው። ቀዩ ከጠፋ የሚቀረው ከሰልና አመድ ነው። ሁለቱም ከጠፉ ነጩ ይመጣል፤ አርቢዎቹ «ስኖው» ይሉታል፣ በረዶ ማለታቸው ነው። በመተማ ሙቀት በረዶ የሚባል እባብ ማሰብ ራሱ ያስቃል።

«አባትና እናታቸውስ ምን መልክ ነበራቸው?» አሉ ካቦው።

«ሁለቱም ቡናማ። ተራ መልክ።»

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ጋ ነው፤ ሆኖም ዘፍጥረትን ላነበበ ሰው አዲስ አይደለም። ላባ ዝንጉርጉሮቹንና ነቁጣ ያለባቸውን ከመንጋው ለይቶ ወሰደ፤ ለያዕቆብ የቀሩት አንድ ወጥ የሆኑት ነበሩ፤ ከአንድ ወጦቹም ዝንጉርጉር ተወለደ። በትሩን ለጊዜው ትቶ መንጋውን ብቻ ለሚያይ፣ አንድ ወጥ የሚመስለው በግ ውስጥ የዝንጉርጉሩ ዘር ተደብቆ ይኖራል ማለት ነው። ሜንዴል የሚባለው መነኩሴ በ1866 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአተር ጥናቱ ቁጥር አበጀለት። የተደበቀው ነገር በሁለቱም ወላጆች ካለ በአማካይ ከአራት ልጆች አንዱ ላይ ይወጣል። ሁለት የተለያዩ የተደበቁ ነገሮች ካሉ፣ ሁለቱም ባንድ ልጅ ላይ የሚወጡት ከ16 አንዴ ነው። ነጩ ቦአ ያ 16ኛው ልጅ ነው።

የቦአ አርቢዎች ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፒተር ካል እና ብራያን ሻርፕ የሚባሉ ሁለት አርቢዎች በየፊናቸው አልቢኖ ቦአ አረቡ። ላልለመደ ዓይን የሁለቱ መስመሮች መልክ አንድ ነው፤ ጥቁሩ የጠፋ፣ ቀይ ዓይን ያለው። እንግዲህ ካል የሚባለውን አልቢኖ ከሻርፕ አልቢኖ ጋር ያዳቀለ ሰው ምን ይጠብቃል? ነጭ ከነጭ ነጭ። የተወለዱት በሙሉ ግን እንደ ጫካው ቦአ ጠቋቁረውና ቡናማ ሆነው ወጡ።

«ሁለት ቀያይ ዓይን ተጋብተው ጥቁር ወለዱ?» አሉ ካቦው። «እናትየዋ ትጠየቅ!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ልጁ ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቆ፣ ምሳሌውን ከዚያው ከፊታቸው አነሣ። ሰሊጥ ከማሳ ተነሥቶ ጎንደር መጋዘን እስኪገባ ብዙ እጅ ያልፋል። አጫጁ ከቀረ ሰሊጡ አይደርስም። ሾፌሩ ከቀረም አይደርስም። ጎንደር ላይ ባዶውን መጋዘን የሚያይ ሰው የቀረው የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም፤ ባዶ ባዶ ነው። አጫጅ ያለው ሾፌር ያጣ እርሻ፣ ሾፌር ያለው አጫጅ ያጣ እርሻን ያገኘ ዕለት ግን ሥራው ይሞላል፣ መጋዘኑም ይሞላል። የካል እባብና የሻርፕ እባብም እንደዚያ ናቸው። ጥቁሩን ለመሥራት ከሚያስፈልጉት እጆች ለአንዱ የጎደለው አንድ ነው፣ ለሌላው ሌላ። ከላይ የሚታየው ግን ያው አንድ መልክ ነው።

ካቦው ይህን ሲሰሙ አልሳቁም። ሰሊጥ ለ20 ዓመት ያመረቱ ሰው ናቸው፤ ባዶ መጋዘን ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

ቀለም ሁልጊዜ ይዋሻል ማለት ግን አይደለም። አንዳንዴ ማንም ያልጠየቀውን እውነት ይናገራል። በ2010 እ.ኤ.አ. ዋረን ቡዝ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጉድ አሳተመ። አንዲት የቤት ቦአ በሁለት ወሊድ 22 ልጆች ወልዳለች። እናትየዋ ካራሜል የሚሉት ብርቅ መልክ አላት፤ በሁለቱም ወላጆች ካልኖረ ልጅ ላይ የማይወጣ መልክ ነው። 22ቱም ሴቶች፣ 22ቱም የእናታቸው መልክ! አብረዋት የነበሩት ወንዶች ይህን መልክ የያዙ አልነበሩም። የዘር ምርመራው ሲደረግ የአንድም ወንድ አሻራ አልተገኘም። ያለ አባት ነበር የወለደችው። ላቦራቶሪው ያረጋገጠውን መጀመሪያ የመሰከረው የልጆቹ ቆዳ ነው። ስለዚህ መልክ ስለ ዘር ሐረግ አንድ ነገር ይነግር ይሆናል። ስለ ጠባይና ስለ መርዝ ግን ምንም አይልም። አልቢኖውም፣ ከሰሉም፣ ነጩም ያው ቦአ ናቸው፤ አይጡን የሚበሉት በአንድ መንገድ ነው፣ የሚያስነጥሱትም የሚናከሱትም በአንድ ምክንያት።

ገንዘቡ ለብቻው ጨዋታ ነው። አዲስ መልክ የወጣ ሰሞን ጥቂቶች ብቻ ስለሚይዙት አንዱ እባብ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ከዚያ ሁሉም ያረባዋል፣ ዋጋው ይወርዳል። ሰሊጥ ዋጋው የጨመረ ዓመት ማሽላውን ትቶ ሁሉም ሰሊጥ የሚዘራበትን ቆላ ለሚያውቅ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የከፋውም ነገር ከዚሁ ይመጣል። የቦአ ዘመድ በሆነው በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ኳስ ፓይተን ላይ «ስፓይደር» የሚባል የሸረሪት ድር የመሰለ ጥለት አለ፤ ጥለቱን የያዘ እባብ ሁሉ ብዙም ይሁን ጥቂት ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል፣ ምግቡን ሲወረውር ይስታል። ጥለቱና ሕመሙ አይነጣጠሉም። ይህ ታውቆም ለውበቱ ሲሉ የሚያረቡት አሉ። ለመልክ ሲባል እንስሳ ታሞ እንዲወለድ ማድረግ ምንም ዓይነት ስም ቢሰጠው ያሳፍራል።

ጨዋታው እዚህ ላይ ሊያበቃ ነበር። ካቦው ስልኩን መልሰው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ እንደ ማሳረጊያ እንዲህ አሉ፦

«ፈረንጅ ይጫወትበት። እኛ የምናውቀው አንድ ነው። ጥቁሩ ይገድላል፣ ቀዩ አይገድልም።»

ልጁ ዝም አለ። ከሠራተኞቹም ሁለት ሦስቱ ዝም አሉ፤ ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው እርሻ ላይ የነበሩት።

በዚያ ዓመት ከደጋ የመጣ አንድ ወጣት፣ ጎህ ሳይቀድ ነዶ ሲያነሣ እጁን ተነደፈ። እባቧ ትንሽ ነበረች፣ ክንድ የማትሞላ፤ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ነበራት። «ቀይ ናት» ተባለ። «ቀዩ አይገድልም» ያሉትም ካቦው ነበሩ፤ በክፋት አይደለም፣ ልጁን ለማረጋጋት። እጁ በጨርቅ ታሰረ፣ ነጭ ሽንኩርት ተቀባ፣ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ እጁ አበጠ እንጂ ሌላ ምልክት አልታየም፤ ሰውም «አየህ፣ አልሞትክም» እያለ ቀለደ። ሌሊቱን ድዱ መድማት ጀመረ። ጠዋት ሲነሣ፣ ከነጋ ወዲያ ማጭድ የጫረችው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለች የዱሮ ቁስል ደም ታንጠፈጥፍ ነበር። ትራክተር ላይ ጭነው አስፋልት አደረሱት፣ ከዚያ በመኪና ወደ ሕክምና። መጀመሪያ በደረሱበት የመርዝ ማርከሻ አልነበረም፤ ወደ ሌላ ተላከ። ተርፏል። አንድ ጣቱ ግን አልተረፈም፤ ወደ ቆላም አልተመለሰም።

ካቦው ስለዚያ ልጅ አያወሩም። የረሱት አይምሰል። ግን ቃላቸውን አልቀየሩም፤ ያልቀየሩበትም ምክንያት አላቸው።

«እኔን ልጅ ሆኜ ቀዩ ነክሶኛል» አሉ ያን ዕለት ማታ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «እዚህ፣ አውራ ጣቴን። ደሙ ጠብ ጠብ አለ፣ ቆመ፣ በቃ። ምንም አልሆንኩም። እና ምን ልበል? ውሸት ነው ልበል?»

ውሸት አልነበረም። የሱዳንና የኢትዮጵያ ቆላ ውስጥ የቦአ የቅርብ ዘመድ የሆነ እባብ አለ። የአሸዋ ቦአ ይባላል። ከግብፅ ተነሥቶ እስከ ታንዛኒያ ይደርሳል። ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ከግብፅ በተገኘው ላይ ተመሥርቶ ስም ሰጠው፤ ዛሬ በዓለም ገበያ የሚታወቀው «የኬንያ የአሸዋ ቦአ» በሚል ነው። አጭር ነው፤ ትልቅ የምትባለው ሴቷ እንኳ አንድ ሜትር አትሞላም። ወፍራም ነው፣ ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ጅራቱ ቆረጥ ያለ ዱልዱም። መልኩ ብርቱካንማ ወይም ቀላ ያለ ሆኖ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ አለበት፣ ሆዱ ነጣ ይላል። አሸዋና ልል አፈር ውስጥ ተቀብሮ ዓይኑን ብቻ አውጥቶ አይጥና እንሽላሊት ያደባል። መርዝ የለውም። ሲይዙት ሊነክስ ይችላል፤ ደም ጠብ ጠብ ይላል፣ ይቆማል፣ በቃ። ይህንንም እባብ ፈረንጆቹ በየመሳቢያው ያረቡታል፤ ከሰል መልክ ያለው አለ፣ አልቢኖ አለ፣ ነጭ አለ፣ ባለ ሰንበር አለ።

ካቦውን በልጅነታቸው የነከሳቸው ይኸው ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ እፉኝት ሆኖ መርዝ ሳይለቅ ነክሷቸው ይሆናል፤ መርዛም እባብ ሁሉ በነከሰ ቁጥር መርዝ አይለቅም። በየትኛውም ቢሆን ሰውየው የነገሩት እውነት ነው። የተበላሸው ከአንድ አውራ ጣት ተነሥተው ለቀይ ሁሉ ሕግ ማውጣታቸው ነው።

ምክንያቱም በዚያው አገር፣ በዚያው አፈር ላይ፣ ያችው ትንሿ እፉኝት አለች። ሳይንሱ ኤኪስ ይላታል። ከ60 ሳንቲ ሜትር ብዙም አታልፍም። ስትቆጣ ሰውነቷን አጥፋ ጎንና ጎኗን ስታፋትገው የጋለ ምጣድ ላይ ውኃ እንደ ተረጨ ዓይነት ድምፅ ታወጣለች። የምትንቀሳቀሰው በአብዛኛው ሌሊት ነው። መልኳ እንደ አፈሩ ነው፤ ቡናማ ትሆናለች፣ አመዳም ትሆናለች፣ ቀይም ትሆናለች። መርዟ የሚያጠቃው ደም የሚረጋበትን ሥርዓት ነው። ቶሎ አትገድልም፣ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይጫወታል፣ ይበላል፣ «አልሞትኩም» ይላል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ደሙ መርጋት እያቆመ ነው። ድዱ ሲደማ፣ ሽንቱ ሲቀላ፣ የዱሮ ቁስል ሲከፈት ነው የሚታወቀው። ያኔ ብዙ ሰዓት አልፏል።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። የሰሊጥ ማሳ ላይ ግን ችግሩ አንዳንዴ የተገላቢጦሽ ነው። ሰው በልጥ ስላልበረየ ሳይሆን፣ አንዱን እባብ ልጥ ነው ብሎ ስለሚያልፈው ነው የሚጎዳው።

የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፍን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በዚህ ይሞታል ይላል። አብዛኛው ገበሬ፣ እረኛና የቀን ሠራተኛ ነው። ከመተማ በስተሰሜን፣ ምዕራብ አርማጭሆ ውስጥ ባለችው አብደራፊ፣ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ካላዛርን ሲያክም እግረ መንገዱን በእባብ የተነደፉ የሰሊጥ ሠራተኞችን ለዓመታት ሲቀበል ቆይቷል። ሁለቱም በሽታዎች የሚያገኙት ያንኑ ሰው ነው። ከደጋ ለሥራ የወረደውን፣ መሬት ላይ የሚተኛውን፣ ጫማው የተቀደደውን።

እዚያ የሚደረገው ምርመራ ለጆሮ ቀላል ነው። ጥቂት ደም ተቀድቶ ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ይደረጋል። ሳይነካ፣ ሳይወዘወዝ 20 ደቂቃ ይቀመጣል። ከዚያ ዘንበል ይደረጋል። ከረጋ ረጋ። እንደ ውኃ ከፈሰሰ መርዙ ደም ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ማርከሻ ያስፈልጋል። የእባቡን ቀለም የሚጠይቅ የለም። ተገድሎ በከረጢት ታስሮ መምጣቱም አያስፈልግም፤ ለመግደል ሲሞከር ሁለተኛ ሰው የሚነደፍበት ጊዜ አለ። ማርከሻው በአብዛኛው የሚሠራው ጥቂት በጥቂት መርዝ ከተወጋ ፈረስ ደም ነው። ለአንዱ እባብ የተሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላልና፣ የዘር ነገር እዚህ ጋ ዋጋ አለው። የመልክ ነገር ግን የለውም። እስከዚያ ድረስ የተነደፈው እጅ ወይም እግር ሳይንቀሳቀስ መያዝ፣ በምላጭ አለመብጣት፣ በገመድ አለማነቅ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ መሄድ። ከዚህ ሌላ የሚጨመር ብዙ የለም።

ልጁ ይህን ሁሉ በዚያ ማታ አልተናገረም። የተናገረው ጥቂቱን ነው፤ የብልቃጡንና የቀይዋን እፉኝት። አጎቱ ከፊቱ ናቸው፣ ሠራተኛውም እየሰማ ነው። ካቦን በሠራተኛ ፊት «ተሳስተዋል» ማለት በቆላም በደጋም አይደረግም። ስለዚህ በዙሪያው ሄደ።

«አያ፣ ያ ነጩ ቦአ… እዚህ ማሳ ላይ ቢያገኙት ይገድላል ይሉ ነበር ወይስ አይገድልም?»

ካቦው አሰቡ። «ነጭ እባብ አይቼ አላውቅም።»

«ቡናማውንስ?»

«ቡናማውን እንጃ። አመዳም ከሆነ እፈራዋለሁ።»

«ወንድማማቾች ናቸው እኮ አያ። የአንድ ቀን ልጆች።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከወዲያ ማዶ፣ ከጋላባት በኩል፣ የጭነት መኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«እና ሁሉንም ልፍራ ነው የምትለኝ?»

«ሁሉንም ይተዋቸው ነው የምልዎት። ሰው የነደፈ ቀን ግን፣ ቀይም ይሁን ጥቁር፣ ትራክተሩ ይነሣ።»

«ትራክተር ማቆም ቀላል መሰለህ? የአንድ ቀን ሥራ ነው። ባለ እርሻው ምን ይለኛል?»

ይህን ጥያቄ ልጁ አልመለሰውም፤ በባዮሎጂ የሚመለስ አልነበረም። ሰሊጥ ከደረቀ በኋላ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው እየተከፈተ ይራገፋል፣ እያንዳንዱ ሰዓት ገንዘብ ነው። የማሳ ላይ እምነት ብዙ ጊዜ የሚጸናው ሰው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። «ቀዩ አይገድልም» ብሎ ማመን ትራክተሩን ከማቆም ይረክሳል።

በማግሥቱ ጠዋት ካቦው ሥራ ከማስጀመራቸው በፊት ረዘም ያለ ዱላ አስቆረጡ። ነዶ ከመነሣቱ በፊት በዱላ ይገላበጥ አሉ፤ ለምን እንደሆነ አላብራሩም። ሠራተኛው አጉረመረመ፣ ሥራ ያዘገያል ብሎ። ረፋድ ላይ ከአንዱ ነዶ ሥር አንድ ነገር ወጣ። ትንሽ ናት፣ ብርቱካንማ፣ ጀርባዋ ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ። ከመቅጽበት ሦስት ዱላ ተነሣ።

«ቁሙ!» አሉ ካቦው።

ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ። ካቦው ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ።

«ይችስ? ምን ትባላለች?»

ልጁ አንገቱን አስግጎ አየ። ጭንቅላቷ በነዶው ጭድ ተሸፍኗል፤ ጅራቷ ዋልካው በተሰነጠቀበት ገብቷል። የሚታየው መልኳ ብቻ ነበር።

«አላውቅም አያ» አለ።

ካቦው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሠራተኛውንም በእጃቸው ወደ ሌላኛው ረድፍ መሩት። እባቧ ቀስ ብላ ስንጥቁ ውስጥ ገባች። ያች ነዶ እስከ ማታ ሳትነሣ ዋለች።